«እኔ ጋ ይሠራል» ይል የነበረው ኢድሪስ

ኢድሪስ መሞቱን የነገረችኝ ዘይነባ ናት። ስልኩን ሳነሳ ሰላምታ የለ፣ ደህና ነህ ወይ የለ፤ «አያ ሰይድ፣ ያ እብድ ሞተ» አለችኝ። ማን እንደሆነ አልጠየቅኋትም። እኔና እሷ በሐርጌሳ የምናውቀው እብድ ብዙ ነው፤ «ያ እብድ» የምንለው ግን አንድ ሰው ብቻ ነው። ኢናሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን አልኩ። እሷም አለች። ቀጥሎ ደግሞ፣ አላህ ይቅር ይበለን፣ ሳቅን።

የገደለው ስኳር ነው አሉ። ሻይ ሲጠጣ ያየው ሰው በዚህ አይደነቅም። ከስኳሩ ላይ ሻይ ይጨምርበት ነበር ብል ይቀላል።

ጋአን ሊባህ ሰፈር ከሚገኘው ከቤተሰቦቹ ቤት ለቅሶ ሄጄ ከወንዶቹ ጋር ተቀመጥኩ። አንዱ «አገር የገነባ ኢንጂነር» አለ። ሌላው «ለእውቀት የተፈጠረ ልጅ» አለ። ሰው ሲሞት ጉድለቱን አብረው ይቀብሩለታል፤ ደህና ነው፣ ለእኔም ያድርጉልኝ። ግን እኔ ኢድሪስ አገር ሲገነባ አላየሁም። እኔ ያየሁት ወንበር ላይ እግሩን አጣጥፎ፣ ጫማውን የት እንደጣለው ረስቶ፣ ከማሽን ጋር ሲጣላ ነው። የማውቀውን እሱን ልጽፍ ነው። መጻፍ የተማርኩት ጢሜ ከሸበተ በኋላ ስለሆነ ለማሳመሪያ የሚሆን ትርፍ ቃል የለኝም።

ያኔ ሐርጌሳ፣ ኮድቡር በሚባለው ሰፈር ውስጥ የአንድ ክሊኒክ ዘበኛ ነበርኩ። ዘበኛ ይበሉኝ እንጂ ጄኔሬተር የማስነሳውም፣ ውሃ የምቀዳውም፣ በሶላት ሰዓት ግቢው ላይ ምንጣፍ የማነጥፈውም እኔ ነኝ። ከተማው ከፍርስራሹ እየተነሳ ነበር። በስተግራችን ጥይት የበሳሳው ግድግዳ፣ በስተቀኛችን ሰማያዊ መስታወት የለበሰ አዲስ ፎቅ፣ በመሀል የእኛ ክሊኒክ። ባለቤቱ ሐጂ ዳሂር ይባላል። ከዐረብ አገር ሀብት ይዞ የተመለሰ፣ አዲስ ነገር የሚወድ፣ አዲሱ ነገር ሲበላሽ ደግሞ የሚጮህ ሰው ነው።

ዘይነባ የላቦራቶሪ ባለሙያችን ነበረች። የኮምቦልቻ ልጅ ናት። ከሐበሻ መሀል እዚያ ቤት ነጭ ጋውን የለበሰችው እሷ ብቻ ነበረች፤ ሌሎቻችን የምንለብሰው አቧራ ነው። የመኖሪያ ፈቃዷ የተያያዘው ከክሊኒኩ ሥራ ጋር ነው። ሥራው ሲሄድ ፈቃዱም ይሄዳል። ይህን እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ፣ ሐጂ ዳሂርም ያውቃል።

ኢድሪስ የመጣው ሐጂ ዳሂር የምርመራ ውጤት በወረቀት መመላለሱን ሲጠላ ነው። በእኔ እግር መመላለሱን ማለቴ ነው። ውጤቱን ከዘይነባ ተቀብዬ ወደ ሐኪሞቹ ክፍሎች የማደርሰው እኔ ነበርኩ። «ከዛሬ ጀምሮ ማሽን ያደርሰዋል» ተባለ፤ ማሽን የሚሉት በየክፍሉ የተቀመጠውን ኮምፒውተር ነው፣ ፕሮግራሙን የሚሠራው ደግሞ ኢድሪስ። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን አልወደድኩትም። የእግሬን እንጀራ የሚነጥቀኝን ሰው ለምን እወደዋለሁ?

ኢድሪስ ሶማሌ ነው፤ እዚሁ ሐርጌሳ ተወልዶ፣ በጦርነቱ ጊዜ እናቱ አዝላው ሸሽታ፣ ድሬዳዋ ያደገ። አማርኛው የድሬ ነው፤ «አቦ» ሳይል ንግግር አይጨርስም። ከእኛ ጋር አማርኛ ሲያወራ ጠባብ ጫማ እንዳወለቀ ሰው ፊቱ ይፈታል። ከማሽኑ ጋር ግን በሦስት ቋንቋ ነበር የሚነጋገረው፦ ሲለምነው በሶማልኛ፣ ሲያዘው በእንግሊዝኛ፣ ሲሰድበው በአማርኛ። «ለስድብ አማርኛን የሚያህል የለም አያ» ይለኛል። በዚህ እንኳ ተስማምተናል።

ረጅም ነው፤ ሱሪው ግን ሁልጊዜ ያጥረዋል። ኪሱ ውስጥ እስክሪብቶዎች አሉ፤ አንዱም አይጽፍም። አንድ ቀን የእኔን ነጠላ ጫማ አድርጎ ገበያ ደርሶ ተመለሰ። እግሬን ባዶ አስቀርቶት ሄዶ፣ ሲመጣ «ዛሬ መንገዱ ለምን እንዲህ ሻከረኝ?» ይለኛል።

ሥራውን ጃቫ በሚሉት የኮምፒውተር ቋንቋ ነው የሠራሁት ይል ነበር። ምን እንደሆነ ጠይቄው ሲያስረዳኝ እንቅልፍ ወሰደኝ፤ ሁለተኛ አልጠየቅኩም።

የመጀመሪያው ቀን ሐኪሙ የውጤቱን ወረቀት ለማየት ሲጫን ማሽኑ ላይ የማይነበብ የምልክት መዓት ፈሰሰ። ጥያቄ ምልክት፣ ሳጥን፣ ቀንድና ጅራት ያለው ነገር። እኔ ፊደል መማር በጀመርኩ ሰሞን የጻፍኩትን ይመስላል። ሐጂ ዳሂር «ቻይንኛ ነው?» ብሎ ጮኸ። ኢድሪስ ስልክ ተደወለለት። መልሱን እኔም ሰማሁ።

«እኔ ጋ ይሠራል እኮ!»

መጥቶ አየ። ግንባሩን መታ። «ሐጂ፣ ዕቃው ደህና ነው፤ የተሳሳተው ጆንያው ነው። ሥዕሉን እንደ ጽሑፍ አድርጌ ነው የላክሁት፣ መንገድ ላይ ተፈጨ» አለ። ለዐስር ሶላት ሳይጠራ አስተካከለው።

በሌላ ቀን ደግሞ ወረቀቱ ባዶ ሆኖ ይደርስ ጀመር። ወረቀት መምጣቱን ማሽኑ ይናገራል፣ ውስጡ የለም። መጠኑ ዜሮ ይላል፤ ዜሮን እኔም አውቃታለሁ፣ አብረን ነው የኖርነው። ተደወለ። «እኔ ጋ ይሠራል!» መጣ። አየ። ግንባሩን መታ። «የውሃ ቦቴው ደርሷል አያ፤ ውሃውን ሳላፈስ ቧንቧውን ዘግቼ መልሼዋለሁ» አለኝ።

ግንባሩ ጠፍጣፋ የሆነው በዚህ ነው እያልኩ እቀልድበት ነበር። ጄኔሬተሩ ጠፍቶ እሱ ከውስጥ «አያ ሰይድ! መብራት!» ብሎ ሲጮህ እኔም ከበሩ ላይ ሆኜ «እኔ ጋ ይሠራል!» እለዋለሁ። የስድብ አማርኛው ያን ጊዜ ወደ እኔ ይዞራል።

አንድ ነገሩ ግን ከልቤ ያናድደኝ ነበር። ማሽኑን ሊፈትሽ የሚመጣው የእኩለ ቀኑ የዙህር ሶላት ሲደርስ ነው። እኔ ምንጣፉን አነጥፋለሁ፤ ሐኪሞቹ፣ መዝጋቢዎቹ፣ ወረፋ ጠባቂ በሽተኞች ሳይቀሩ ተጣጥበው ዉዱእ አድርገው ይሰለፋሉ፤ እሱ በመሀላችን ሹልክ ብሎ ወደ ውስጥ ይገባል።

«ኢንጂነር፣ ሰው ወደ ሶላት ሲሄድ አንተ ወዴት ነው?»

«አቦ አያ፣ ማሽኖቹ ሁሉ ነፃ የሚሆኑት አሁን ነው። ቤቴ ገብቼ እሰግዳለሁ፣ ወላሂ።»

«አላህ ቤትህን ያውቀዋል?»

«ያውቀዋል። አንተን ነው በሬ ላይ ያላየህ።»

ይገባል፣ ብቻውን ከክፍል ክፍል እየዞረ ይጫናል፣ ሁሉም ልክ ይሆንለታል፣ እኛ ሶላታችንን ስንጨርስ እሱ እያፏጨ ይወጣል።

አሁን ስለ ወረቀቱ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ያለሱ ቀጣዩ አይገባችሁም። የውጤቱ ወረቀት ላይ ስም አልነበረም። የካርድ ቁጥርም አልነበረም። ራቁቱን ነው የሚወጣው። ይህን ያዘዘው ሐጂ ዳሂር ነው፤ ምክንያትም ነበረው። ሐርጌሳ ትልቅ ከተማ ትመስላለች እንጂ አንድ ቤት ናት። መዝጋቢዋ የአንዱ አክስት ናት፣ ወረፋ ጠባቂው የሌላው አማች ነው። ስም ያለበት ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ከታየ በሽተኛው ቤቱ ሳይደርስ በሽታው ገበያ ይደርሳል። ስለዚህ ሐኪሙ ማሽኑ ላይ የበሽተኛውን ስም ይጫናል፤ ወረቀቱ ራቁቱን ይመጣለታል፤ የማን እንደሆነ በእጁ ይጽፍበታል። ሐጂ ዳሂር በዚህ ዘዴው ይኮራ ነበር። ሁላችንም ጥሩ ነው ብለን ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን ከዙህር በኋላ አንድ ሽማግሌ ከሐኪሙ ክፍል እየሳቀ ወጣ። የግመል ነጋዴ ነው፤ ጢሙን በሂና ስለሚያቀላው ከተማው ሁሉ የሚጠራው ጺመ ቀይ እያለ ነው። እዚህ አገር ሰው የሚታወቀው በቅጽል ስሙ ነው፤ አንካሳውንም አንካሳው ይሉታል፣ እሱም አቤት ይላል። ጺመ ቀይ የመጣው ሽንት እያስቸገረው ነበር። ወረቀቱ ግን እርጉዝ ነህ ይላል።

«አልሃምዱሊላህ!» አለ ወረፋው መሀል ቆሞ። «ሚስቶቼ እምቢ ያሉትን አላህ በእኔ በኩል ሰጠው። ወንድ ከሆነ ስሙን በሐኪሙ አወጣለሁ።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ያልሳቀችው ዘይነባ ብቻ ናት። በላቦራቶሪዋ በር ላይ ቆማ ጓንቷን ጣት በጣት ስታወልቅ አየኋት።

ከዚያ በኋላ ግን የሚያስቅ አልመጣም። አንዲት ልጅ እግር እናት ስኳር ያለበት የሌላ ሰው ወረቀት ደረሳት። ሐኪሙ አምኖ የስኳር ክኒን ሰጣት። ስኳር የሌለበት ሰው ያን ሲውጥ ምን እንደሚሆን እኔ አልነግራችሁም፤ እቤቷ ራሷን ስታ ምጣድ ላይ ልትወድቅ ምንም አልቀራት። ተረፈች። ባሏ በነጋታው መጥቶ በሩን ሲደበድብ ያስገባሁት እኔ ነኝ።

ሐጂ ዳሂር ሁላችንንም ሰበሰበ። ኢድሪስንም አስጠራ።

«ማሽኑ ነው?» አለው።

«ሐጂ፣ ማሽኑን በየቀኑ እፈትሻለሁ። ወላሂ ይሠራል።»

«ትምላለህ?»

«ማልኩ እኮ።»

ሐጂ ዳሂር ወደ ዘይነባ ዞረ። «እንግዲያው የደም ጠርሙስ የምታደባልቂው አንቺ ነሽ።»

«እኔ ጠርሙስ አላደባለቅኩም!» አለች። ስትናደድ ሶማልኛዋ ይሰባበራል፤ «አላደባለቅኩም» የሚለውን ብቻ ደጋገመችው።

«እስከ ሐሙስ ዕቃሽን አዘጋጂ» ብሏት ወጣ።

ኢድሪስ ጫማውን እየፈለገ ጎንበስ ብሎ ነበር። ዘይነባ ራሱ ላይ ቆመች።

«ኢድሪስ፣ ስትምል እዚሁ ቆሜ ነበር። በመሐላህ ያስያዝከው እኔን ነው።»

«ዘይኑ፣ እኔ እኮ ስላንቺ ምንም አላልኩም። ማሽኑ ይሠራል ነው ያልኩት።»

«አንተ ማሽኑ ይሠራል ስትል እኔ አልሠራም ማለት ነው። ይህን ለማወቅ ስንት ዓመት ተማርክ?»

ጫማውን ግራና ቀኝ አቀያይሮ አድርጎ ሄደ።

ከዚያ ቀን በኋላ ፉጨቱ ቀረ። በየቀኑ መጣ፣ በዙህር። ሁሉንም ክፍል እየዞረ ተጫነ። ሁሉም ልክ ሆነ። ልክ በሆነ ቁጥር ፊቱ ይጠቁራል። ሰው ሥራው ልክ ሆኖለት ሲከፋ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። «አያ፣ ቢሳሳትልኝ ምን ነበረበት» አለኝ አንዴ። «አይዞህ፣ ሌላው ሁሉ ተሳስቶልሃል» አልኩት። አልሳቀም።

ሐሙስ ደረሰ። ዘይነባ ሻንጣዋን ይዛ ነው የመጣችው፤ ላቦራቶሪው በር ሥር አስቀምጣ እስከ መጨረሻው ሥራዋን ትሠራለች። ዙህር ሆነ። ምንጣፉን አነጠፍኩ። ኢድሪስ እንደ ልማዱ በመሀላችን ሹልክ ሊል ሲል ሐጂ ዳሂር ከውሃው ቧንቧ ሥር እግሩን እያጠበ አየው።

«አንተ! ወዴት? ሶላት ወዲህ ነው!»

ለእኔ «ቤቴ እሰግዳለሁ» ይላል፤ ለሐጂ ዳሂር ግን ማን ይለዋል? ዉዱእ አድርጎ ከጎኔ ተሰለፈ። ካልሲው ተቀዶ አውራ ጣቱ ወጥቷል። በዚያ ግቢ ሲሰግድ ያየሁት የመጀመሪያው ቀን ነው።

ሶላቱ እንዳለቀ ሁሉም ተነሣና እንደ ወትሮው ተሯሯጠ። በሽተኛው ተከማችቶ ስለሚጠብቅ ሐኪሞቹ ከምንጣፉ ላይ ወደ ማሽኑ ነው የሚበሩት። ኢድሪስም ከእነሱ ጋር ተጋፍቶ ገባ። የመጀመሪያው ክፍል ሐኪም ጫማውን እያሰረ «ኢንጂነር፣ የዚህን ሰውዬ ወረቀት አንተ ክፈትልኝ» አለው። ሰውዬው የቦቴ ሾፌር ነው፤ ክንዱ የእኔን ጭን ያህላል። ኢድሪስ ተጫነ።

እርጉዝ ይላል።

እኔ በሩ ላይ ነበርኩ። ኢድሪስ አልጮኸም፣ ግንባሩንም አልመታም። ተነሥቶ ወደ ሁለተኛው ክፍል ሮጠ። እዚያ አንዲት ወይዘሮ ተቀምጣለች፤ በሐኪሟ ማሽን ላይ ያለው ያው ወረቀት ነው። ቃል በቃል። ሁለት ክፍል፣ ሁለት ሰው፣ አንድ ወረቀት።

«አያ ሰይድ፣ ና! ዘይኑን ጥራት!»

ሐኪሞቹን ለምኖ ከወንበራቸው አስነሣ። ዘይነባን ሁለተኛው ክፍል፣ እኔን ሦስተኛው ክፍል አስቀመጠ፤ ለእያንዳንዳችን የምንጫነውን ስም አሳየን። እሱ የመጀመሪያው ክፍል ሆኖ «ሦስት ስል ተጫኑ!» ብሎ ጮኸ። ቆጠረ። ተጫንን። እየዞረ አየ። የሦስታችንም ማሽን ላይ ያለው አንድ ወረቀት ነበር፣ የእኔ። ጣቴ ዘገምተኛ ስለሆነች መጨረሻ የተጫንኩት እኔ ነኝ። ከዚያ አንድ በአንድ አስጫነን። ሁሉም ልክ ሆነ።

መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ምንድን ነው?» አለችው ዘይነባ።

«አስተናጋጁ ነው» አለ። «ወረቀቱን የሚያደርሰው ፕሮግራም እንደ ሻይ ቤት አስተናጋጅ ነው ዘይኑ፤ ለሁሉም ክፍል ያለው እሱ አንድ ብቻ ነው። ትዕዛዝ ሲቀበል በጭንቅላቱ እንዲይዝ አድርጌ ሠራሁት፤ ጭንቅላቱ ደግሞ አንድ ትዕዛዝ ብቻ ነው የሚይዘው። አንድ ሰው ሲያዘው ደህና ነው። ሦስት ጠረጴዛ በአንዴ ሻይ፣ ወተት፣ ሾርባ ብሎ ቢጮህበት የሚያስታውሰው የመጨረሻውን ነው። ለሁሉም ሾርባ ያመጣል።»

«ለአንተ ለምን ልክ ሆኖ ያመጣልሃል?» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። «እናንተ ስትሰግዱ ነዋ የምጫነው። ሻይ ቤቱ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። ከሶላት በኋላ ሁሉም አንዴ ነው የሚጫነው፤ ያን ሰዓት እኔ ሄጃለሁ።»

ዘይነባ ጓንቷን አጠለቀች።

እሱ አንዷን ቦታ ነካክቶ አስተካከለው። ሻይ እስኪፈላ የሚያህል ጊዜ እንኳ አልፈጀበትም። ለየትዕዛዙ የየራሱን መያዣ ሰጠሁት አለ። ደግመን ሦስታችን ተጫንን፤ ሦስት የተለያየ ወረቀት መጣ። ሲነሣ እጁን ይዤ ወደ ጥግ ወሰድኩት። የሰጠሁትን ምክር ልንገራችሁ፤ አሁንም ትክክል ነበር እላለሁ።

«ስማኝ ኢንጂነር። ሐጂን ‹ማሽኑ ትንሽ ታሞ ነበር፣ አሁን ዳነ፣ ልጅቷን ማራት› በለው። አለቀ። ከዚህ ሌላ ቃል አትጨምር። እንጀራህ ነው።»

«ማሽን አይታመምም አያ።»

«እሱ ምን ያውቃል?»

«እሱ አያውቅም፤ ከተማው ግን ያውቃል። ‹ማራት› ከተባለ ጠርሙስ አደባልቃ ተማረች ነው የሚባለው። ከዚህ ስትወጣ ጠርሙስ የሚሰጣት ላቦራቶሪ ሐርጌሳ ውስጥ አይኖርም። ደግሞ ከሶላት በኋላ የተሳሳተ ወረቀት የያዘው ሰው ሁሉ እቤቱ ክኒን እየዋጠ ነው። ምን ልበላቸው? ታሞ ነበር?»

ደረቅ ነበርኩ፣ ደረቅ ነኝ፤ «እንግዲያው ሂድና እራስህን ስቀል» ብዬው በሬ ላይ ሄጄ ቆምኩ።

ሐጂ ዳሂር ወረፋው መሀል ቆሞ ሰው ያስተናግድ ነበር። ኢድሪስ ቢሮ እንግባ አላለውም። እዚያው፣ ሰው ሁሉ በሚሰማበት፣ በሶማልኛ ተናገረ። ማሽኑ ይሠራል ብዬ ማልኩ፤ መሐላዬ ውሸት ነበር፤ ውሸት መሆኑን አላውቅም ነበር፤ ጠርሙስ የተደባለቀ የለም፤ ወረቀቱን ያደባለቅኩት እኔ ነኝ፤ ከዙህር በኋላ ወረቀት የወሰደ ሁሉ ዳግም ይመርመር አለ።

ወረፋው ሁሉ ወደ ሐጂ ዳሂር ዞረ።

«ክሊኒኬን ልትዘጋው ነው!» አለ ሐጂ ዳሂር። «ውጣ! ሁለተኛ በሬን እንዳትረግጥ!»

«እወጣለሁ ሐጂ። የምታወጣው ግን እኔን ነው፤ እሷ ትቀመጥ።»

«አንተ ነህ የምታስቀምጥልኝ?»

ይህን ጊዜ ጺመ ቀይ ከአግዳሚው ተነሣ። ምርመራውን ሊደግም መጥቶ ተራውን ሲጠብቅ ነበር። በትሩን መሬት ላይ መታ አደረገ። እዚህ አገር እንዲህ ያለ ሽማግሌ በትሩን ሲመታ ሀብታምም ዝም ይላል።

«ዳሂር፣ ተቀመጥ። ልጄ፣ አንተም ተቀመጥ። እዚህ ቤት ውስጥ ከተበደሉት አንዱ እኔ ነኝ፤ አርግዣለሁ» አለ። ሰው ፈገግ አለ። «ከእኔ የበለጠ የተበደለች ግን ቆማለች። ስሟ ተነሥቷል። የሰው ስም ሲነሣ በእኛ ዘንድ ካሳ አለው፤ ሓል እንለዋለን። ካሳውን የሚቀበል የእሷ ወገን የታለ?»

ወገን ከየት ይምጣ? ዘይነባ ዙሪያዋን አየች። ከዚያ እጇን ወደ በሩ ዘረጋች።

«እሱ ነው። ወንድሜ ነው።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እኔና ዘይነባን የሚያዛምደን ወሎ ብቻ ነው፤ ወሎ ደግሞ ሰፊ ነው። ግን በዚያ ሁሉ ዓይን ፊት አይደለሁም ልበል? ጄኔሬተር ዘይት የነካ እጄን ሱሪዬ ላይ ጠርጌ መሀል ገባሁ። የክሊኒኩ ዘበኛ ነበርኩ፤ በአንድ ጊዜ የነገሩ ባለቤት ሆንኩ።

«አንተ ወንድሟ» አለኝ ሽማግሌው፣ «ሁለት ሰው በድሏታል። አንዱ በመሐላው፣ አንዱ በፍርዱ። ዳሂር፣ በፈረድክባት በዚያው አፍህ ስሟን መልስላት።»

ሐጂ ዳሂር ጉሮሮውን ጠራረገ። ጣራውን አየ። ጣራው አልረዳውም። «ጥፋት የለባትም» አለ፣ «ሥራዋ ላይ ናት።» ሽማግሌው «አልሰማሁም፣ ጆሮዬ ያረጀ ነው» አለው። ሐጂ ዳሂር ደግሞ ጮክ ብሎ ተናገረ።

«አሁን የቀረው መሐላውን የማለው ነው» አለ ሽማግሌው። «ወንድሟ፣ ካሳ ጥራ።»

ኢድሪስን አየሁት። ሁለት እጁን አጣምሮ እንደ አዲስ ሙሽራ አቀርቅሯል። አንዱ በግ በል አለኝ በሹክሹክታ፤ ሌላው ቢያንስ ልብስ ነው አለ። እኔ ወጉን አላውቀውም፤ ስለማላውቀውም አልቸኮልኩም። ኢድሪስ ትንሽ ቀና ብሎ ሲያየኝ ፊቴን አጠቆርኩበት። እንደዚያ ደስ ያለኝ ቀን ብዙ የለም። ዘይነባ ግን ከኋላዬ መጥታ በአማርኛ «አያ፣ ሳጥኔን ይሸከም በለው» አለችኝ።

«የምን ሳጥን?»

«የጠርሙሶቼን። በየቤቱ ዞሬ ደማቸውን እንደገና ልወስድ ነው። ይሸከምልኝ። በየበሩም ራሱ ይናገር።»

ለሽማግሌው ተናገርኩ። ጢሙን ደጋግሞ አሻሸ። በመጨረሻም «ከበግ ይከብዳል» አለ። «ኢድሪስ፣ ተቀብለሃል?»

«ተቀብያለሁ።»

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ነው የጀመርነው። ሳጥኑ በረዶና ጠርሙስ የሞላው ትልቅ ፕላስቲክ ነው፤ ኢድሪስ ትከሻው ላይ ሲያደርገው አጭሩ ሱሪ ይበልጥ አጠረ። ዘይነባ ከፊት፣ እሱ ከኋላ፣ እኔ ካሳው በትክክል መከፈሉን ላረጋግጥ ከሁለቱም ኋላ። የኮድቡርን መንገድ የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ድንጋዩ እግር ይለቅማል።

«ቀስ! እንቁላል ይዘህ እንደምትሄድ አስብ!»

«አቦ ዘይኑ፣ እንቁላል ይሄን ያህል አይከብድም!»

«መሐላህስ ስንት ይመዝን ነበር?»

ባጃጅ ነጂዎች ቀጥ እያሉ ያዩታል። የሚያውቁት «ኢንጂነር፣ ምን ሆነህ ነው?» ይሉታል። «ማሽኔ የላከውን ልመልስ ነው» ይላቸዋል። በየበሩ ሲደርስ ሳጥኑን ያስቀምጥና እሱው ይጀምራል፦ ወረቀታችሁን ያሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ ደም የምትወስደው እሷ ናት፣ እኔ ተሸካሚዋ ነኝ። አንዳንዱ ረገመው። አንዳንዱ ሻይ አቀረበለት። አንዲት አሮጊት ሁለቱንም አደረጉ።

መጨረሻ የደረስነው የስኳር ክኒን ወደተሰጣት እናት ቤት ነው። ዘይነባ ደጃፉ ላይ እግሯ ቆመ። በሩን የከፈተው ያ የክሊኒኩን በር ሲደበድብ የነበረው ባሏ ነው። ዘይነባን ከላይ እስከ ታች አያት።

«ጠርሙስ የምታደባልቀው ይቺ ናት?» አለ።

«አይደለችም» አለ ኢድሪስ፣ ሳጥኑን ሳያወርድ። «እኔ ነኝ።» ሁሉንም ነገረው። ሰውዬው እስከ መጨረሻው ሰማው፤ ከዚያ ከበሩ ዘወር ብሎ መንገድ ሰጠን። ገባን።

ሴትየዋ ፍራሽ ላይ ተደግፋ ተቀምጣ ነበር። ዘይነባን አየች፣ ባሏን አየች፣ ከዚያ እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን ዘረጋችላት። ዘይነባ ተንበርክካ ክንዱን አሰረች፣ መርፌውን አወጣች። ኢድሪስ መርፌውን ሲያይ አመዱ ቡን አለ። ደም ማየት እንደማይችል ያን ጊዜ ነው ያወቅነው። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ወዲህ ዙር!» አለችው ዘይነባ። «ጠርሙሱን ማን ሊይዝልኝ ነው?»

ዞረ። ጎንበስ አለ። ዓይኑን ጨፍኗል፤ ጠርሙሱን ግን ያዘላት።